ይህን የሠራው ማን ነው?

(በላንጋኖ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ ከምሳ በኋላ የቀረበ ንግግር። የንግግሩ ለዛ እንዳለ ተትቷል።)

ውድ መምህራኖቻችን፣ ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፣ «ደግሞ ምን ሊያወሩ ነው?» እያላችሁ ተከትላችሁን የመጣችሁ ባለቤቶችና ልጆች፣

አዘጋጅ ኮሚቴው ሲጋብዘኝ «ስለ ሙያህ ሃያ ደቂቃ ተናገር» ነበር ያለኝ። ሙያዬ የምግብ ሳይንስ ማስተማር ነው። ከምሳ በኋላ፣ በዚህ በላንጋኖ ሙቀት፣ ስለ እህል የእርጥበት መጠን ባወራላችሁ ምን እንደሚፈጠር አውቃለሁ፤ ተማሪዎቼ በየሳምንቱ ያሳዩኛል። ስለዚህ «ስለምወደው አንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላውራ» ብዬ ለመንኩ። ፈቀዱልኝ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። ከአዳማም ከአዲስ አበባም የመጣችሁ፣ ሞጆን ይዛችሁ፣ ቆቃንና መቂን አልፋችሁ ነው የደረሳችሁት። ዝዋይ ላይ፣ ይቅርታ፣ ባቱ ላይ፣ አሳ ለመብላት ያልቆመ ማን አለ? እጅ አውጡ እስቲ። ሦስት ሰው። እነሱም ወይ ጾመኛ ናቸው ወይ ውሸታም።

እሺ፣ ያን ቆሮሶ ማን እንዳጠመደው የጠየቀ አለ? ሌሊት በታንኳ የወጣው ማን ነው? ማን ጠበሰው? ዳጣውን የፈጨችው ማን ናት? ማንም የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ስለዚህ ጉዳይ ልናገር እየመጣሁ እንኳ አልጠየቅሁም! በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። እንግዲህ የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ነው።

ፕሮግራሙ «ፓርትስ አንኖውን» ይባላል፤ ያልታወቁ ስፍራዎች እንደማለት ነው። ሲኤንኤን ላይ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 የተጀመረ፣ በ2018 ያበቃ፣ 12 ሲዝን ያለው ተከታታይ ዶክመንተሪ ነው። አዘጋጁ አንተኒ ቦርዴይን ነው። የኒው ዮርክ ሰው፣ በወጣትነቱ ሳህን በማጠብ ሬስቶራንት ውስጥ የገባ፣ ኋላም ዋና ሼፍ የሆነ። ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው አልነበረም። አርባዎቹን ካጋመሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የሬስቶራንት ጓዳ ውስጥ ያለውን ጉድ ሁሉ ዘርግፎ የጻፈው መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ስሙን አስጠራው። «የእኛ ጊዜ አለፈ» እያላችሁ ለምታማርሩ የክፍል ጓደኞቼ ይህችን ልብ አድርጉልኝ። ቦርዴይን እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2018፣ ለዚሁ ፕሮግራም ቀረጻ ፈረንሳይ እንደሄደ፣ በ61 ዓመቱ ሞተ።

ታዲያ የሞተ ሰው የሠራው የምግብ ፕሮግራም ለእኛ ምን ያደርግልናል? እኔ መጀመሪያ ያየሁት ለማስተማሪያ የሚሆን ነገር ፍለጋ ነበር። የምግብ አሠራር ያሳያል ብዬ ጠበቅሁ። አያሳይም! «ሁለት ማንኪያ ይህን፣ ግማሽ ኪሎ ያን» የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው አገር ይሄዳል፣ ሰዎች ከሚቀመጡበት ቦታ ይቀመጣል፣ የሚበሉትን ይበላል፣ ከዚያ ይጠይቃል፤ ያዳምጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግን መቀመጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ ቬትናም ሲሄዱ፣ ቦርዴይን ሃኖይ ውስጥ ራት ጋበዛቸው። የት? ቡን ቻ የሚባል ምግብ የሚሸጥበት ተራ ቤት። ቡን ቻ የሩዝ ኑድልና በከሰል የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ነው። የተቀመጡት ዝቅ ያለች የላስቲክ ዱካ ላይ፣ ቢራቸውን ከነጠርሙሱ ይዘው ነው። ሒሳቡ 6 ዶላር መጣ፤ ቦርዴይን ከፈለ። ቤቱ በኋላ ያንን ጠረጴዛ በመስታወት ሣጥን ከልሎ አስቀመጠው። እኛ ብንሆን ኖሮ ምን እንደምናደርግ ገምቱ። ዱካዋን ደብቀን፣ ሶፋ ተከራይተን፣ ባለቤቷን «አንቺ ለጊዜው ጓዳ ግቢ» እንላት ነበር። በዚያ ፊልም ላይ ግን ቤቱም፣ ዱካውም፣ አብሳዮቹም እንዳሉ ናቸው። ያን ሳይ የተሰማኝ ነገር እፍረት ነው ልበል? አዎ፣ ትንሽ እፍረት ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ ምግቡን ከሕዝቡ ኑሮ አይለየውም። ጋዛ ሄዶ ማቅሉባ ይበላል፤ እየበላ ስለ መፈናቀል ይሰማል። ኮንጎ ወንዝ ላይ በጀልባ እየሄደ፣ በጨለማ ነፍሳት እየወረሩት ዶሮ ሊያበስል ይታገላል፤ በዚያ መሐል የአገሪቱ የቅኝ ግዛት ታሪክ፣ የዝገቱ ባቡርና ባቡሩን እስከ ዛሬ የሚጠብቁት ሠራተኞች ይመጣሉ። አንድ ሳህን ምግብ ከየት ተነሥቶ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደደረሰ ወደ ኋላ ከተከተላችሁት፣ መሬት አለ፣ ዝናብ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ሃይማኖት አለ፣ እናት አለች። እኛ በክፍል ውስጥ ይህን በአምስት የተለያዩ ኮርሶች ከፋፍለን ነው የምናስተምረው። እሱ በአንድ ሰዓት ፕሮግራም አንድ ላይ ያቀርበዋል።

ሦስተኛው ወደ ቤታችን ይመጣል። በስድስተኛው ሲዝን፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኢትዮጵያ መጣ። ይዞት የመጣው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው፤ ባለቤቱ ማያም አብራ አለች። የማርከስን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ካሣሁን ተብሎ እዚሁ አገር ተወለደ። ሕፃን ሳለ እናቱም እሱም እህቱም በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ። እናትየው ልጆቿን ይዛ በእግሯ አዲስ አበባ ሆስፒታል ደረሰች። እሷ ሞተች፤ ልጆቹ ዳኑና ስዊድን፣ ጎተንበርግ ከተማ ያለ ቤተሰብ አሳደጋቸው። ካሣሁን ማርከስ ሆነ፣ ኒው ዮርክ ገባ፣ ትልቅ ሼፍ ሆነ። ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለውጭ አገር መሪ የክብር ራት ግብዣ ሲያደርጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ እንዲያበስል የተጠራው እሱ ነው።

ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የሚነግረን ነገር አለ፤ የእናቱን ፎቶ እንኳ አይቶ አያውቅም። መልኳን አያውቅም። የሚያውቃት በበርበሬ ነው፤ ትነካው፣ ታሸው፣ ታበስልበት በነበረው በርበሬ። እኔ በርበሬን ለሃያ ዓመት ያህል ሳስተምር የቀለሙን ንጥረ ነገር፣ የእርጥበቱን፣ የሻጋታውን ነገር ነው የማስተምረው። አንድ ሰው እናቱን ሊያገኝበት ይችላል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ፊልሙ ላይ ማርከስ ቦርዴይንን ወደ ተወለደበት መንደር ይወስደዋል። እዚያ ዘመዶቹ አሉ። ዓለም ያወቀው ሼፍ ገጠር ቤት ውስጥ እንደ ልጅም እንደ እንግዳም ሆኖ ይቀመጣል። አዲስ አበባንም ያሳየናል፤ ስኬትቦርድ የሚነዱ ልጆች እንኳ አሉበት። በእርግጥ አንድ ሰዓት አገር አይይዝም። የጎደለውን ሁላችሁም ትቆጥራላችሁ፤ እኔም እየቆጠርሁ ነው ያየሁት። ግን መጨረሻው ላይ መቁጠሬን ትቼ ስልኬን አነሣሁ።

አሁን የምነግራችሁ ታሪክ የሌላ ሰው ነው። እዚህ መሐላችን ተቀምጧል። «ስሜን ካልጠራህ ተናገር» ብሎ ፈቅዶልኛል፤ ስለዚህ ዘወር ዘወር እያላችሁ አትፈልጉት።

አራት ዓመት አንድ ዶርም ነው የኖርነው። የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው። ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር ክዳን ባላት የላስቲክ ባልዲ ጩኮ ይዞ ይመጣል። ጩኮ የማታውቁ ካላችሁ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ የሚታሽ የኦሮሞ ምግብ ነው። አይበላሽም፤ መንገደኛ ይይዘዋል፤ ጥቂቱ ያጠግባል። የካፌው ሽሮ ውኃ ውኃ ባለ ቀን ሁሉ፣ ማለትም በየቀኑ፣ ባልዲዋ ከአልጋ ሥር ትወጣለች። ስድስት ሰው ከአንድ ባልዲ። ለፈተና ሳምንት ብለን በማንኪያ እየለካን የምንቆጥብበት ጊዜ ነበር። የዚያ ዶርም ልጆች፣ እዚህ ያላችሁ፣ የተመረቅነው በዚያ ጩኮ ነው ብል አጋነንሁ?

«እናትህ ምን ትሠራለች?» ብለነው ነበር አንድ ጊዜ። «ነጋዴ ናት» አለ። አለፈ። ሁለተኛ የጠየቀው የለም።

ያን ፊልም ያየሁ ሌሊት ደወልሁለት። ሁለት ልጆች ያሉት፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው።

«ስማ፣ ያን ጩኮ ማን ነበር የሚሠራው?» አልሁት።

«ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ይህን ልትጠይቀኝ ነው የደወልከው? እናቴ ናታ!»

«እናትህ ምን ነበር የምትነግደው?»

ዝም አለ። ቆየ። «አረቄ ታወጣ ነበር» አለኝ። «አራት ዓመት ደብቄያችሁ ነበር። አሁን ደግሞ ምን አስታወሰህ?»

ወገኖቼ፣ እኔ የነገሌን አረቄ አስተምራለሁ! «ባህላዊ የአልኮል መጠጦች» የሚል ርዕስ አለ፤ እዚያ ውስጥ ሦስት መስመር ናት። ጥሬ ዕቃ፣ ብቅልና ጌሾ። ሂደት፣ ማብላላትና ማንጠር። ችግር፣ የማገዶ ፍጆታና ጭስ። ሦስት መስመር። የእነዚያን ሦስት መስመሮች ልጅ አጠገቤ አስተኝቼ አራት ዓመት ጩኮውን ስበላ ኖሬያለሁ። አማርኛችን «የበሉበትን ወጪት ሰባሪ» የሚለው አለ። እኔ ወጪቱን አልሰበርሁም፤ ግን ወጪቱ የማን እንደሆነ ዞር ብዬ አላየሁም። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ ነው ትላላችሁ?

በሚቀጥለው ወር አብረን ነገሌ ሄድን። ከዚህ ከተቀመጥንበት ብዙም አይርቅም። እናቱ አሁን አርጅተዋል፤ ሥራውን ካቆሙ ቆይተዋል። ግን ጎረቤታቸው ገና ትሠራለችና ወስደው አሳዩኝ። ድፍድፉ ተብላልቶ ደርሷል። ድፍድፉን ማሰሮ ውስጥ ጨምረው እሳት ላይ ይጥዱታል። አፉን ከድነው እንፋሎት እንዳያመልጥ ዙሪያውን ይለስኑታል። ከክዳኑ የሚወጣው ቱቦ ወደ ሌላ ዕቃ ይወርዳል፤ ያኛው ዕቃ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እሱ ነው አረቄው። አተላው ከብት ይደልብበታል። ውኃው ሲሞቅ መቀየር፣ እሳቱ ሲበረታ መቀነስ፣ ሲደክም መጨመር፤ አንድ ሰው ከአጠገቡ አይነሣም። ኮንደንሰር የሚባለውን ነገር በላቦራቶሪ መስታወት ነበር የማውቀው። እሳቸው በእጃቸው መዳፍ ሙቀት ነው የሚለኩት።

ቤቱ ጭስ ነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ መቆም አልቻልሁም፤ ዓይኔ እያለቀሰ ወጣሁ። «እማማ፣ ይህን ስንት ዓመት ሠሩ?» አልኋቸው።

«በልጆቼ ቁጠረው» አሉኝ። «አምስት ናቸው። አምስቱም ተምረዋል።»

ከዚያ ቡና እየጠጣን ስለ ምርቃታችን ቀን አነሣሁ። እኔ አስታውሳለሁ፤ ፎቶ ስንነሣ ዳር ቆመው ነበር፤ ወደ መሐል ኑ ብንላቸው እንቢ አሉ። ዓይን አፋር ናቸው ብለን አለፍን። እሳቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልብሴ ጭስ ጭስ እንዳይል ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ እሳት አጠገብ አልደረስሁም። ልብሱንም ጎረቤት ቤት ነው ያሳደርኩት። ያም ሆኖ ጠረኑ የለቀቀኝ አልመሰለኝም፤ ልጄን እንዳላሳፍረው ብዬ ነው ዳር የቆምኩት።»

ጓደኛዬ ተነሥቶ ወጣ። እኔ ምን እንደምል አላወቅሁም። ስኒዬን አስቀመጥሁ። በዚያ ፎቶ ላይ መሐል ላይ የቆምነው ስድስት ጎረምሶች፣ ስድስታችንም እሳቸው ያበሉን ነን።

አረቄን ላወድስ እንዳልመጣሁ ይታወቅልኝ። ጥናቶቹ የሚሉት እውነት ነው። ማገዶው በአካባቢው ደን ላይ ከባድ ጫና አለው። ጭሱ የሴቶቹን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። መጠጡም የስንቱን ቤት አፍርሷል። በዚያው ገንዘብ ደግሞ የስንቱ ልጅ ተምሯል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። እንደ ሳይንስ ሰው የማውቀው የመጀመሪያውን ነበር። ሁለተኛውን ያስጠየቀኝ አንድ የምግብ ፕሮግራም ነው። የጭሱን ችግር የምንፈታው እኛ ከሆንን ደግሞ፣ መጀመሪያ ጭሱ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ማነጋገር ይኖርብናል። የተሻሻለ ምድጃ ስንሠራ መዳፏን የምታሳርፍበት ቦታ እንተውላት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦርዴይን ከሞተ በኋላ የታየው የመጨረሻው ሲዝን በኬንያ ነው የሚከፈተው። ከኮሜዲያን ካማው ቤል ጋር ነው የሄደው፤ ትረካውን ራሱ ጽፎ የተናገረበት የመጨረሻው ክፍል እሱ ነው። እዚያ መጨረሻ ላይ ይህን ታሪክ የመናገር መብት ያለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። መልሱን አያለሰልስም፤ ክፉም ሆነ በጎ፣ ለዛሬው ተናጋሪው እኔ ሆኛለሁ ብሎ ያምናል። እኔ ይህን ፕሮግራም የማከብረው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። ፈረንጅ መሆኑን፣ መንገደኛ መሆኑን፣ ሳምንት ቆይቶ ሄያጅ መሆኑን አይደብቅም። ወንበሩን ለባለቤቱ ትቶ የተነሣ እንግዳ ነው የሚመስለኝ።

ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ግን ያስፈልጋል። መቀመጥ የጀመሩ አሉ። ማርከስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒቢኤስ ላይ «ኖ ፓስፖርት ሪኳየርድ» የሚል ተከታታይ ጀመረ፤ አንዱ ክፍል በዋሽንግተን ዲሲ ስላሉት ኢትዮጵያውያን ነው። እዚያ ዘመድ ያላችሁ እሱን እዩት። እዚህ አገር ቤት ደግሞ ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ አለ። ሊዮን፣ ፈረንሳይ፣ ፖል ቦኩዝ ተቋም ተምሮ መጥቶ፣ በቴሌቪዥን የአገሩን ምግብ ያሳየ ልጅ ነው። የጻፈው የኢትዮጵያ ምግብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2020 የጄምስ ቢርድ ሽልማት አግኝቷል።

ካልተቀመጥን ምን ይሆናል? ይህን ለመምህራን ወገኖቼ ልተወው። የጤፍን ነገር ታስታውሳላችሁ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አስመዝግቦ ነበር። የእኛ እናቶች ስንት ሺህ ዓመት የሠሩትን! የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ዓመታት አለፉ። ክርክሩን ያመጣውም መንግሥታችን አልነበረም፤ እዚያው ያሉ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተካስሰው ነው። «ይህን የሠራው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የጨዋታ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤትም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ የሚገኘው ጽፎ፣ ቀርጾ፣ ስም ጠርቶ ባስቀመጠ ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ፕሮግራሙን እዩት። ከመጀመሪያው አትጀምሩ፤ አሥራ ሁለት ሲዝን ያስፈራል። በኢትዮጵያው ጀምሩ፤ እየተናደዳችሁም ቢሆን እዩት። ቀጥሎ ሃኖይን፣ ከዚያ ኮንጎን፣ መጨረሻ ላይ ኬንያን። ከልጆቻችሁ ጋር እዩት፤ አንዳንዱ ቃሉ ስድ ነውና ትልልቆቹን ብቻ። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ለእናታችሁ፣ ለአክስታችሁ፣ ለአያታችሁ ደውሉ። «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብቻ አትበሉ፤ «ከማን ተማርሽው? ያኔ ኑሮ እንዴት ነበር? ከየት አምጥተሽ ነው ያበላሽን?» በሉ። ስልካችሁ ይቀርጻል። ሁላችንም ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ።

መምህራን ደግሞ፣ ከዚህ ከላንጋኖ ዙሪያ አትራቁ። ባቱ ላይ አሳ አጥማጁ አለ፤ ሻሸመኔ መንገድ ላይ በቆሎ ጠባሿ አለች፤ ነገሌ ላይ ያሉትን ነግሬያችኋለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የጠፋበት ተማሪ ሲመጣባችሁ ወደዚያ ላኩት። ናሙና ብቻ ይዞ እንዳይመለስ ግን፤ የሰጠችውን ሴት ስም፣ እሷ ከፈቀደች፣ ጽፎ ይምጣ። እኔ የእኔን ሦስት መስመር አስፍቼዋለሁ። አሁን የነገሌን አረቄ ሳስተምር በመጀመሪያው ሰዓት ስለ መዳፍ ነው የማወራው። ሁለት ተማሪዎቼ ከክፍል በኋላ መጥተው «እናቴም…» ብለውኛል። ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። ቀጣዮቹ ጮክ ብለው ይላሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጨረስሁ። አንዲት ነገር ብቻ። የኮሚቴው አባላት ሲያዩኝ ነበር፤ ምስጢሩን ላውጣው። ዛሬ ማታ ራት ላይ ከአሳው ጎን ጩኮ ይቀርባል። ከገበያ የተገዛ አይደለም። ገብሱን እሳቸው ራሳቸው ለቅመዋል፣ ቆልተዋል፤ አስፈጭተው በገዛ ቅቤያቸው አሽተዋል። «ለስንት ሰው ነው?» አሉኝ። ቁጥሩን ስነግራቸው «ያኔ ስድስት ነበራችሁ፤ በጣም ተዋለዳችሁ» ብለው ሳቁ። ገንዘቡን በግድ ነው የተቀበሉን። ልጃቸው ትናንት ሄዶ ይዟቸው መጥቷል። አሁን እዚያ ጥላው ሥር፣ ነጭ ነጠላ የለበሱት፣ አዎ፣ እሳቸው ናቸው። ከራት በኋላ የጋራ ፎቶ አለ። መሐል ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው።